በኪራይ ስለሚያድር፥ እንደ ሥራውም ብዛት ስለሚሰፋና ስለሚጠብ የመዝገብ ቤት

ለደብረ ሲና ደጋና ለይፋት ቆላ አስተዳዳሪዎች፥ የወረዳ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች የተጻፈ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ ቆሎ ሻጮች በመንገድ ዳር ይቀበሉታል፤ የደጋው ብርድ ገና ከሰውነቱ ሳይወጣ ቁልቁለቱን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ግን ማንጎና ሽንኩርት ተደርድሮ ያገኛል። ገብስና ባቄላ የሚዘራበት ደጋ፥ ማሽላና ማሾ ከሚዘራበት ቆላ ጋር እንዲህ በአጭር መንገድ የሚገናኝበት አገር ጥቂት ነው። ስለዚህም በዚህ አገር ያለ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ሥራው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሆንለትም። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በሚታደልበት ጊዜ ደጁ በሰው ይሞላል፤ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ግብር በሚሰበሰብበት ጊዜ እንደገና ይሞላል፤ በመካከሉ ግን ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ባለ ጉዳይ የሚጠብቅበት ሳምንት አለ።

ቀድሞ ይህ ሁሉ በወረቀት መዝገብ ይጻፍ ነበር። ዛሬ ግን የመሬት ይዞታውም፥ የማዳበሪያው ዕደላም፥ የማኅበሩ ሒሳብም ወደ ኮምፒዩተር መዝገብ እየገባ ነው። በዚህም ምክንያት ከየወረዳው የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ምን ዓይነት ኮምፒዩተር እንግዛ?» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ እንዳለ ለማሳሰብ የተጻፈ ነው፤ ይኸውም «መዝገቡ በማን ቤት ይደር? ጠባቂውስ ማን ነው?» የሚል ነው።

1ኛ፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነ

በኢንተርኔት የሚሠራ የመዝገብ ፕሮግራም ማለት፥ ፕሮግራሙና መዝገቡ በአንድ ስፍራ ተቀምጠው ሳለ፥ ጸሐፊው ከደብረ ሲና፥ የልማት ሠራተኛው ከቀበሌው፥ ባለ እርሻውም ከእጅ ስልኩ እየጠየቁ መልስ የሚቀበሉበት ማለት ነው። ጥያቄውን ተቀብሎ መልሱን የሚሰጠው ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል፤ በአማርኛ አገልጋይ ማለት ነው። ይህ አገልጋይ ቀንም ሌትም አይተኛም። የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል፤ ሙቀትና አቧራ ይጎዱታል፤ ሌቦች በኢንተርኔት መንገድ ገብተው እንዳይዘርፉት ፕሮግራሙ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ በሌሊት ሲታመምም የሚነሣለት ሰው ያስፈልገዋል።

መዝገቡን የሚያኖር ሰው ከአራት መንገዶች አንዱን ይመርጣል። የመጀመሪያው ሰርቨር ገዝቶ በገዛ መሥሪያ ቤት ማስቀመጥ ነው፤ ይህ የራስን ቤት ሠርቶ ራስ እንደ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው የገዙትን ሰርቨር መብራትና ማቀዝቀዣ ባለበት በሌላ ሰው ቤት ማስጠጋት ነው። ሦስተኛው ባዶ ሰርቨር ተከራይቶ ጥበቃውንና ጥገናውን ራስ መሥራት ነው። አራተኛው ቤቱንም፥ ዘበኛውንም፥ ጠጋኙንም አንድ ላይ መከራየት ነው፤ የባለ ሰርቨሩ ሰዎች ፕሮግራሙን ያድሳሉ፥ ግልባጭ ያነሣሉ፥ ሌሊት ይጠብቃሉ፥ ሥራ ሲበዛም ቤቱን ያሰፋሉ። ነጋዴዎቹ ማኔጅድ ሆስቲንግ የሚሉት ይህ አራተኛው ነው፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የተጠበቀ የኪራይ ቤት እንለዋለን።

ይህ ንግድ በዓለም የተስፋፋው አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1998 ዓ.ም. የኮምፒዩተሮቹን ኃይል በሰዓት ሒሳብ ለማንም ማከራየት ከጀመረ ወዲህ ነው። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም ያከራያል፤ በአዲስ አበባ በአይሲቲ ፓርክ ውስጥም ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ የተባሉት ድርጅቶች ለሰርቨር ማስቀመጫ የሚሆኑ ታላላቅ ቤቶች ሠርተዋል።

የእርሻ ሥራም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በተከፈተው በ8028 የስልክ መስመር ገበሬው ደውሎ በቋንቋው የእርሻ ምክር ይሰማል። ይህን ለማግኘት እያንዳንዱ ወረዳ የየራሱን መሣሪያ አልገዛም፤ አንድ ቤት ለሁሉ ይበቃል።

2ኛ፤ መዝገብ በአንድ ክፍል ብቻ ሲቀመጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ለሥራ ሄጄ ነበር። ሰርቨሩ ከጸሐፊው ጠረጴዛ በታች፥ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። በክረምት ጣራው አፈሰሰና ውሃ ገባበት። ግልባጩ የት ነው ተብሎ ሲጠየቅ፥ እዚያው ሰርቨር ውስጥ በሌላ ስም የተቀመጠ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የሦስት ወር ጽሑፍ ከነግልባጩ ጠፋ። ባለ ይዞታዎቹ የመሬት ደብተራቸውን ይዘው እንዲመጡ በየቀበሌው ተነገረ። ከመጡትም መካከል አንዲት አሮጊት፥ ከባላቸው የቀረላቸውን መሬት ደብተር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፥ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው ተጕዘው ነበር። ጸሐፊው ደብተሩን እያየ መዝገቡን ሲያቃና «እናንተ ዘንድ ያለው ጠፋ፤ እኔ ዘንድ ያለውም ቢጠፋ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?» አሉ። ከመካከላችን የመለሰላቸው ሰው አልነበረም።

የእኒያ አሮጊት መሬት የዳነው ሁለተኛው ግልባጭ በሌላ ቤት ስለ ነበረ ነው። የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ያላደረገውን እሳቸው አድርገውት ተገኙ።

ዝናብ ደግሞ ከአደጋዎች ሁሉ ትንሹ ነው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የአጣዬ ከተማ ብዙ ክፍል በእሳት እንደ ተቃጠለ የይፋት ሰው ሁሉ ያስታውሳል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና እስከ ደብረ ሲና ደረሰ፤ በዚያም ጦርነት በአማራ ክልል ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ፥ ወደሙም። ጠረጴዛና ወንበር በበጀት ይተካል። የማን መሬት ከማን ጋር እንደሚዋሰን የተጻፈበት መዝገብ ግን በአንድ ክፍል ብቻ ተቀምጦ ከነበረ በምንም ገንዘብ አይተካም፤ ቀጥሎ የሚመጣውም የድንበር ክርክር ነው፤ የድንበር ክርክርም የሚያመጣውን ጠብ እናንተ ሹማምንቱ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

3ኛ፤ ስለ መስፋትና ስለ መጥበብ

አሁን ስለ ሥራ ብዛት እንናገር። በአንድ ወረዳ በተራ ቀን 40 ሰዎች መዝገብ ያስከፍታሉ እንበል፤ ማዳበሪያ በሚታደልበት ሳምንት ግን በቀን 2,000 ይሆናሉ እንበል። ወረዳው ለ2,000 ሰው የሚበቃ ሰርቨር ቢገዛ፥ በተራው ቀን ከ50 እጅ 49ኙ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ለ40 ሰው የሚበቃውን ቢገዛ ደግሞ፥ ገበሬው ዘሩን ሊዘራ በቸኰለበት ቀን ፕሮግራሙ ይቆማል። ለአጨዳ የቀን ሠራተኛ እንደሚቀጠርና ከአውድማ በኋላ እንደሚሰናበት፥ የኪራዩም ቤት በዕደላው ሳምንት ሰፍቶ ከዚያ በኋላ ሊጠብ ይችላል።

ሥራው የሚሰፋበትን መንገድ ለማስተዋል የወፍጮ ቤትን ነገር ማሰብ ይበቃል። እህል ይዘው የሚመጡት ሰዎች ሲበዙ ባለ ወፍጮው ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። አንደኛው ትንሹን ወፍጮ አውጥቶ ትልቅ መትከል ነው፤ ነገር ግን እስኪተከል ድረስ መፍጨት ይቆማል፤ ትልቁም አንድ ቀን ቢሰበር ሰው ሁሉ ጾሙን ያድራል። ሁለተኛው በጎኑ ሌሎች ወፍጮዎች ተክሎ በደጅ ላይ ሰልፍ አስያዥ ማቆም ነው፤ ሰልፍ አስያዡ ባለ እህሉን ሁሉ ሥራ ወደ ፈታው ወፍጮ ይልከዋል፤ አንዱ ቢሰበርም ሌሎቹ ይፈጫሉ። በተጠበቀው የኪራይ ቤትም እንዲሁ ነው። ሰርቨሮቹ ብዙ ናቸው፤ በፊታቸው ጥያቄውን የሚያከፋፍል አለ፤ ሥራ ሲበዛ ቍጥራቸው ይጨመራል፥ ሲያንስ ይቀነሳል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አንደኛው ፈጪ ማን እንደ ከፈለ በልቡ ብቻ ቢይዝ፥ ባለ እህሉ በማግሥቱ ወደ ሌላው ፈጪ ሲላክ ሁለተኛ ክፈል ይባላል። ስለዚህ የከፋዮች ደብተር በአንድ ጠረጴዛ ላይ መኖር አለበት፤ ፈጪዎቹም ሁሉ ከዚያ ማንበብና በዚያ መጻፍ አለባቸው። በኮምፒዩተር ሥራ ይህ የጋራ ደብተር ዳታቤዝ ይባላል። ወፍጮውን መጨመር ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ደብተሩ ነው፤ ለሚያነቡት ግልባጩን ማብዛት ይቻላል፥ መጻፉ ግን በብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ሲሆን እንዳይጋጭ ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንግዲህ አንድ ነጋዴ መጥቶ «የእኛ ቤት እንደ ልብ ይሰፋል» ቢላችሁ፥ «ደብተሩስ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ይህ ጥንቃቄ ሲጎድል ገንዘብ እንደማያድን የአሜሪካን መንግሥት ነገር ምስክር ነው። በመስከረም 21 ቀን 2006 ዓ.ም. ሕዝቡ የጤና መድን የሚመዘገብበትን ፕሮግራም ከፈተ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለ ገባበትና አሠራሩም አስቀድሞ በሚገባ ስላልተፈተነ፥ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን የፈጸሙት ስድስት ሰዎች ብቻ ሆኑ። ኋላ በብዙ ድካም ተቃንቷል። ከዚህ የምንማረው፥ ቤቱን ማስፋት ደቂቃዎች የሚፈጅ ሥራ ስለ ሆነ ሕዝቡ በአንድ ሰዓት ከሚፈስበት ቀን በፊት ለቤቱ ጠባቂ ማስታወቅ፥ ጭነቱንም አስቀድሞ መሞከር እንደሚገባ ነው። ማዳበሪያ የሚታደልበትን ቀን የሚያውቀው የወረዳው ሹም ነው፤ የአዲስ አበባው ባለ ሰርቨር ካልተነገረው አያውቀውም።

4ኛ፤ ስለ ኪራዩ ዋጋ

የኪራይ ቤት ርካሽ የሚሆነው ሲታሰብበት ብቻ ነው። እንደ አጠቃቀም የሚከፈል ስለ ሆነ፥ ከሥራ በኋላ ያልጠበበ ቤት ዓመቱን ሙሉ የዕደላውን ሳምንት ዋጋ ሲያስከፍል ይኖራል። ስለዚህ ከዚህ በላይ አይሰፋም፥ አያስከፍልምም የሚል ወሰን በውሉ ይጻፍ።

ደግሞም ኪራዩ በምን ገንዘብ እንደሚከፈል ይታይ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሰርቨሩን በዶላር የተከራየ ሰው ምንም ሥራ ሳይጨምር ኪራዩ በእጥፍ ሊጠጋ ጥቂት ቀረው። በብር የሚከፈል የአገር ውስጥ ውል ከዚህ ድንጋጤ ያድናል።

ሌላው ነገር በጀት ነው። ሰርቨር ለመግዛት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ ከልዩ ልዩ ረድኤት ይገኛል፤ በየወሩ ለሚከፈል ኪራይ ግን የሚያስብለት ጥቂት ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይለወጣል። አሮጌው በጀት ተዘግቶ አዲሱ እስኪለቀቅ ባለው ጊዜ ኪራዩ ሳይከፈል ቢቀር፥ ቤቱ የሚዘጋው ገበሬው በዘር ላይ ሳለ ነው። ስለዚህ ኪራዩ በመደበኛው በጀት ይያዝ፤ የሰኔ፥ የሐምሌና የነሐሴ ክፍያም አስቀድሞ ይፈጸም።

ለአንድ ወረዳ ብቻውን የሚከብደው ለብዙዎች ይቀላል። የጣርማ በር፥ የቀወት፥ የኤፍራታና ግድም፥ የአንኮበር ወረዳዎች በአንድ ውል ቢከራዩ፥ የደጋው ሥራ በሚበዛበት ጊዜ የቆላው ሊቀል ይችላል፤ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ማኅበርም ሥራው የሚበዛው በበጋ ስለ ሆነ ሌላው ባረፈበት ቤት ይጠቀማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

5ኛ፤ ኪራይ ኀላፊነትን እንደማያነሣ

እስከዚህ የተናገርነው ኪራይን ያመሰገነ ይመስላል። ነገር ግን ቤቱን ለሰው ሰጥቶ መተኛት ሌላ ጥፋት ነው። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሣይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች የተባለው ታላቅ ኩባንያ የሰርቨር ቤት በእሳት ተቃጠለ። ከተከራዮቹ አንዳንዶቹ ግልባጫቸውም በዚያው ግቢ ስለ ነበረ መዝገባቸው ፈጽሞ ጠፋ። ከላይ የነገርኋችሁ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ያገኘው ጥፋት፥ በሠለጠነው አገርም በትልቁ ቤት ደረሰ ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት ዩኒሱፐር የተባለ የአውስትራሊያ የጡረታ ድርጅት በጉግል ቤት ካኖረው ከፊሉ በአከራዩ ሠራተኞች ስሕተት ተደመሰሰ። አባላቱ ከሳምንት በላይ ሒሳባቸውን ማየት አልቻሉም፤ ገንዘባቸው ግን አልጠፋም። ድርጅቱ በሌላ አከራይ ዘንድ ያስቀመጠው ሌላ ግልባጭም መዝገቡን ለመመለስ ረዳ።

በእኛም አገር የመንገዱ ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ ስፍራ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። መዝገቡ በአዲስ አበባ በደኅና ቢቀመጥም፥ ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ ለደብረ ሲናው ጸሐፊ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ርቆ ያለው ቤት እሳትና ዘረፋ እንዳያገኘው፥ ቅርብ ያለው ግልባጭ ደግሞ መንገድ ሲቋረጥ እንዲያገለግል፥ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በወረዳው የሚቀመጠው ግልባጭ ለማንበብ ብቻ ይሁን፤ መንገዱ ተዘግቶ ሳለ የሚመጣው አዲስ ነገር በወረቀት በተራ ቍጥር ይጻፍ፤ መንገዱ ሲከፈት ከወረቀቱ ወደ ዋናው መዝገብ ይግባ። እንዲህ ካልሆነ ሁለት መዝገብ ሁለት ነገር ይናገራል።

ሕጉም ቢሆን የሚጠይቀው እኛን ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሎበታል። ዘበኛውን መከራየት ይቻላል፤ ግዴታውን ግን ማከራየት አይቻልም።

6ኛ፤ ከመፈረም በፊት በውሉ የሚጻፉ ነገሮች

ሀ፤ መዝገቡ በየትኛው አገርና በየትኛው ቤት እንደሚያድር፥ ከፍቶ ሊያየው የሚችለውም ማን እንደ ሆነ።

ለ፤ ግልባጩ በስንት ሰዓት አንድ ጊዜ እንደሚነሣ፥ ከዋናው ቤት በሌላ ከተማ እንደሚቀመጥ፥ ከግልባጩም መዝገቡን የመመለስ ሙከራ በየሦስት ወሩ በወረዳው ሠራተኛ ፊት እንደሚደረግ። ተሞክሮ ያልታየ ግልባጭ እንዳለ አይቈጠርም።

ሐ፤ ቤቱ በዓመት ስንት ሰዓት ሊዘጋ እንደሚችል። አከራዩ «ከመቶ 99 ክፍት ነው» ሲል ብዙ ይመስላል፤ በዓመት ሲታሰብ ግን 3 ቀን ከ15 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ዝግ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። 99.9 ቢል 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ያህል ነው። በዕደላው ሳምንት ሆን ተብሎ ለጥገና እንዳይዘጋም ይጻፍ።

መ፤ ቤቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚሰፋ፥ በስንት ደቂቃ እንደሚሰፋ፥ መቼ እንደሚጠብ፥ የዋጋውም ወሰን።

ሠ፤ በሌሊትና በበዓል ቀን ማን ስልክ እንደሚያነሣ፥ በአማርኛስ ይመልስ እንደ ሆነ።

ረ፤ ውሉ ሲያልቅ መዝገቡ በተለመደና ሌላ ቤት ሊያነበው በሚችል አጻጻፍ እንዲመለስ፥ በአከራዩ ዘንድ የቀረውም እንዲደመሰስ። መውጫ በር የሌለው ቤት መከራየት እስራት ነው።

ሰ፤ የኢንተርኔቱ አድራሻ ስምና ዋናው የይለፍ ቃል በመሥሪያ ቤቱ ስም እንዲመዘገብ። በአንድ ጸሐፊ ወይም በአንድ ሥራ ተቋራጭ ስም ከተመዘገበ፥ ያ ሰው ሲጣላ ወይም ሲዛወር መሥሪያ ቤቱ የገዛ ደጁን ማንኳኳት ይጀምራል።

ክቡራን ሹማምንትና ባለ እርሻዎች፤ ስለ ሰርቨር ጥበብ ሁሉን ማወቅ ከእናንተ አይፈለግም። ከዚህ ክረምት በፊት ግን አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። የመዝገብ ጸሐፊያችሁን ጠርታችሁ «ይህ ክፍል ዛሬ ሌሊት ቢቃጠል፥ ነገ ጧት መዝገቡን ከየት ታመጣዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ በቃል የሚሰጣችሁንም መልስ ሳትቀበሉ አምጥቶ እንዲያሳያችሁ እዘዙት። ካሳያችሁ አመስግኑት። ካላሳያችሁ ግን፥ የወረዳችሁ ሕዝብ መሬት የተማመነው በእናንተ መዝገብ ላይ ሳይሆን በየአሮጊቱ ነጠላ ጫፍ በተቋጠረው ደብተር ላይ ብቻ መሆኑን አውቃችሁ፥ በሚቀጥለው በጀት የኪራዩን ነገር ከሁሉ አስቀድማችሁ ያዙ።